ፖሉ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ከስር የምትቆመውን አዘጋጂ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምሠራው ካዛንቺስ አካባቢ ነው። አራት ጓደኛሞች ሆነን ፖል ዳንስ፣ ማለትም በቆመ የብረት ምሰሶ ላይ እየወጡ የሚሠራውን ዳንስ፣ ጀምረናል። አሰልጣኝ የለንም። አንዷ ውጭ አገር ስትኖር አንድ ዓመት ያህል ተምራለች፣ የምታሳየን እሷ ናት። ፖሉን ብየዳ ቤት አሠርተን ኮንዶሚኒየሟ ሳሎን ውስጥ ተክለነዋል። ሁለቱ ቶሎ ገብቷቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው መገልበጥ ጀምረዋል። እኔ ግን አንድም ፑል አፕ (በእጅ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) አልችልም፣ ክብደቴም ከሁሉም ይበልጣል። ልወጣ ስሞክር እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ፤ ጭኔ በልዟል። እነሱ "አይዞሽ፣ እኛ እንይዝሻለን" ይሉኛል። እንዴት ነው የሚይዙኝ? ልቀጥል ወይስ መጀመሪያ ጂም ገብቼ ልጠንክር? ለእናቴ ዙምባ ነው ብያታለሁ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ ቀጥዪ። ጂም ገብቼ እስክጠነክር ብለሽ ፖሉን አትተዪው። ግን ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት እግርሽ ከጉልበት ከፍታ በላይ አይነሳ። ጓደኞችሽም መገልበጡን ለጊዜው ያቁሙልኝ። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ፖል የጀመርኩት 34 ዓመት ሞልቶኝ፣ እንዳንቺ አንድም ፑል አፕ ሳልችል ነው። አሁን ማታ ማታ ለጥቂት ሴቶች አስተምራለሁ። ቀን የተጎዳ ትከሻ አያለሁ፤ ማታ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፍ የደረሰች ሴት በደስታ ስትጮህ እሰማለሁ። ጀማሪ ወድቃ ስትጎዳ ብዙ ጊዜ አጠገቧ ሰው ነበረ። "እንይዝሻለን" ያለቻት ጓደኛ እዚያው ቆማ ነበር። የቆመችበት ቦታና እጇን የሰደደችበት አቅጣጫ ግን ልክ አልነበረም። መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እንደ መውጣቱ ሁሉ ይለመዳል። እናንተ አራታችሁም መውጣት እየተማራችሁ ነው። መያዝ የተማረ ግን የለም።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ፖሉ አሳስቦኛል። ብየዳ ቤት አሠርተን ስትዪ ልቤ ደንገጥ አለ። እኔም ድሮ እንዲሁ አሠርቼ ነበር። መሃሉ ላይ በብየዳ የተቀጠለ ቧንቧ ነበር። አንድ ቀን ከመሬት ብዙም ሳልርቅ ብየዳው ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። በመቀመጫዬ አርፌ ተረፍኩ። ጣራው ጋ ደርሼ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አላወራውም ነበር።

እስቲ እዩት። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ብረት ነው ወይስ ተቀጥሏል? በብየዳ ከተቀጠለ አትውጡበት፣ አበቃ። ውፍረቱንም ለኩት። በዓለም አቀፍ ውድድር የተለመደው ፖል 45 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ተኩል ኢንች የውሃ ቧንቧ ደግሞ ውጪው 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እጇ ትንሽ የሆነች ሴት ግን ጣቶቿ ቶሎ ይዝላሉ፤ የዛለ ጣት ደግሞ ይከፈታል። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ሸካራ ነው፣ ቆዳም ይልጣል። ወጥ የሆነ ለስላሳ ስቴንለስ ይሻላል። የእናንተ ፖል የማይዞር መሆኑ ግን ጥሩ ነው። የሚዞረው ፖል ጀማሪን ሳታስበው ያፈጥናታል፣ ያዞራታልም።

ከብረቱ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጣራው ነው። ፖሉ የቆመው ወለሉንና ጣራውን እየገፋ ከሆነ፣ የሚገፋው ነገር መቻል አለበት። ኮርኒስ አይችልም። ጅብሰም ቦርድም አይችልም። ጫፉ ሶሌታው ላይ ማረፍ አለበት። ሶሌታም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። በብዙ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ተገጣጣሚ ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመሃላቸው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ኮንክሪት ይፈስበታል። የፖሉ ጫፍ ቢሙ ስር ካረፈ ጥሩ። ባዶው ብሎኬት ስር ካረፈ ግን ሲወጠር ሊሰብረው ይችላል። ልስን ስለለበሰ ደግሞ በዓይን አይለይም። የሕንፃ ነገር የሚያውቅ መሐንዲስ ጠርታችሁ አሳዩት። እስከዚያ ድረስ ፖሉ አጠገብ መሬት ላይ ቆማችሁ ተለማመዱ እንጂ አትንጠልጠሉበት።

አሁን ወደ ጉልበትሽ። ፑል አፕ አለመቻልሽ አያግድሽም። ፖል ላይ መውጣት ከእጅ ይልቅ የእግር ሥራ ነው። አንዱን እግርሽን አምጪና ቅልጥምሽን ፖሉ ላይ አሳርፊ፤ የውጪ እግርሽ እንደ መንጠቆ ይያዝ። ሌላኛው እግርሽ ከወዲያ በኩል መጥቶ በባቱ ፖሉን ይጫነው። ሁለቱን ጉልበቶችሽን አጥብቂ። ከዚያ ከዱካ ላይ እንደሚነሳ ሰው እግርሽን ዘርጊ። ሰውነትሽ ከፍ ሲል ከእጅሽ በላይ ያለው ፖል ይቀርብሻል። ያኔ ነው እጅሽን የምታሻግሪው። የምትንሸራተቺው በክንድሽ ስለምትስቢና እግርሽ ሥራ ፈቶ ስለሚንጠለጠል ይመስለኛል። ወንበር አምጥታችሁ ፖሉ አጠገብ አድርጉ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ብቻ አቆላልፈሽ አጥብቂ፣ ልቀቂ፣ አጥብቂ፣ ልቀቂ። እግርሽ ስሜቱን ሲያውቀው እጅሽ እረፍት ያገኛል።

ክብደትሽን በተመለከተ ደግሞ፣ ሥጋ ያለው ጭን ፖሉን በሰፊው ይይዛል። ይህን ለማጽናናት አይደለም የምልሽ። ፖል ላይ የሚይዝሽ ቆዳሽ ነው። ብዙ ቆዳ ሲነካው ብዙ ይይዛል። ለዚህ ነው ቁምጣ የሚለበሰው። በታይት መሽከርከር ይቻል ይሆናል፤ ፖሉን በጭን ቆንጥጦ መቀመጥና መውጣት ላይ ግን ጨርቁ ያንሸራትታል።

ቆዳሽ ላይ ምን አለ? ጠዋት ሎሽን ወይ ቫዝሊን ተቀብተሽ ከነበር ማታ ፖሉ አይይዝሽም። የመንሸራተትሽ ግማሽ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ፀጉርሽን ቅቤ የተቀባሽ ዕለትም ይቅርብሽ። ቅቤው ሰውነት ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ወደ አንገት ይወርዳል፣ በላብ ታጅቦ እጅ ጋ ይደርሳል። ከአንቺ ቀጥላ የምትወጣዋ ጓደኛሽ ነች የምትወድቀው። በየተራው ፖሉን በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ቀለበት፣ አምባር፣ የእጅ ሰዓት ይውለቅ። ሕንድ ውስጥ ማላካምብ የሚባል ከጥንት የቆየ የምሰሶ ስፖርት አለ። እነሱ የእንጨቱን ምሰሶ የጉሎ ዘይት ይቀቡታል። የምሰሶው ሸካራ ቆዳ እንዳይልጣቸው ነው። የኛ ብረት ግን ለስላሳ ስለሆነ የቅባት ጠብታ እንኳ አይፈልግም።

የአዲስ አበባ ብርድም አለ። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ብረቱ በረዶ ነው፤ ቆዳም ደርቆ ይውላል። ቀዝቃዛ ብረትና ደረቅ ቆዳ አይያያዙም። ፖሉን በጨርቅ እያሹ ማሞቅ ይረዳል። ተራ የምትጠብቅ ሰው ደግሞ ጋቢ ትደርብ። የምሬን ነው። አንዷ ስትወጣ ሦስታችሁ አሥር ደቂቃ በቁምጣ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ጡንቻችሁ ይቀዘቅዛል፤ ተራው ሲደርስ የቀዘቀዘ ትከሻ ይሳባል። እኔ ጋ በር ላይ አራት ጋቢ ተሰቅሎ ነው የሚጠብቀው።

ስለ ትከሻ ሳልነግርሽ አላልፍም። በዚህ ሥራ ቶሎ የሚጎዱት ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ ናቸው። የትከሻው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስትንጠለጠዪ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ሲያርግ ነው። ያኔ ክብደትሽን ጡንቻ አይሸከመውም፤ ጅማት ነው የሚሸከመው። ትከሻን ወደ ታች ጎትቶ መያዝ ለብዙ ሰው ግራ ያጋባል። እኛ ግን እስክስታ አለን። እስክስታ የምታውቅ ሴት ትከሻዋን ከአንገቷ ለይታ ታዝዛለች። እኔ ማሟሟቂያውን የምጀምረው በሁለት ደቂቃ እስክስታ ነው። ከዚያ "ቁሙ፣ ትከሻ ታች!" እላለሁ። ያ ታች የቀረው ትከሻ ነው ፖል ላይ ይዛችሁ የምትወጡት። ሞክሩት፤ ይህን ያህል በቶሎ የሚገባ ሌላ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

ጭንሽ መበለዙ የተለመደ ነው። የጭን ውስጥ፣ የጉልበት ጀርባ፣ የውጪ እግር መጀመሪያ ላይ ይበልዛል፣ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። በተበለዘ ቦታ ላይ በዚያው ቀን ደግመሽ አትቀመጪበት። ጠንክረሽም አታሺው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃሻል፤ በመሃል ቢያንስ ሁለት ቀን እረፍት ይኑር። ሁሉን ነገር በግራም በቀኝም ሥሪ። ደካማውን ጎን አስቀድሚ፣ ካለበለዚያ ይረሳል። በክርንሽ ውስጠኛ በኩል ዕቃ ስታነሺ የሚወጋ ሕመም ከጀመረሽ ግን እሱ "ይለምዳል" የሚባል አይደለም። ፖሉን አጥብቆ መጨበጥ አብዝተሻል ማለት ነው፤ አቁሚ፣ የምትቀጥዪው ሐኪም አይቶሽ ይሁን። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻሽ አብጦ ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረ ደግሞ ለነገ የሚባል የለም፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂጂ። የተጎዳ ጡንቻ የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ለረጅም ጊዜ ስፖርት ሳይሠራ በአንድ ቀን እልህ የተጋባ ሰው ነው። በጾም ሰሞን ባዶ ሆድ አትውጡ፤ ቀምሳችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ጀምሩ።

መገልበጥ። ጓደኞችሽ ለምን እንዲያቆሙ እንዳልኩ አሁን ልንገርሽ። እኔ ማንንም ከመገልበጧ በፊት ሦስት ነገር አያታለሁ። በሁለቱም ጎን ፖሉን ጫፍ ድረስ ደጋግማ ትወጣለች? ክርኗን አጥፋ አሥር ሴኮንድ ተንጠልጥላ ትቆያለች? ከዚያ ደግሞ ሳትወረወር ቀስ ብላ ትወርዳለች? ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። እግሯን ወደ ላይ አፈናጥራ የተገለበጠች ሴት መውረጃውን አታውቀውም። መውጫውን በጉልበት ሳይሆን በፍጥነት ነው ያገኘችው። የደም ግፊት ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለባት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር ጭንቅላቷ ወደ ታች አይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ መጣሁ። እንዴት ነው የሚይዙሽ?

የያዥ ሥራ አንቺን መሸከም አይደለም። ማንም ጓደኛሽ የሚወድቅ አዋቂ ሰው በአየር ላይ ቀልባ አትይዝም። ሥራዋ ጭንቅላትሽና አንገትሽ ቀድመው መሬት እንዳይነኩ ማድረግ፣ አወዳደቅሽንም ማዘግየት ነው። ይህ ከገባት ሌላው ሁሉ ይከተላል። የምትቆመው ጭንቅላትሽ ሊሄድ በሚችልበት በኩል ነው። ብዙዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ፊትሽን እያዩ ለማበረታታት። ፊት ለፊት የቆመ ሰው የሚያገኘው እርግጫ ነው። ከጀርባና ከጎን ትሁን። አንድ እግሯ ቀደም፣ ጉልበቷ ታጠፍ ይበል። አንድ እጇ ወገብሽና ዳሌሽ አካባቢ፣ ሌላኛው በትከሻሽ አጥንቶች መካከል። መጀመሪያ ላይ ትንካሽ። እየለመድሽ ስትሄጂ እጇ አንድ ስንዝር ይራቅ እንጂ አይውረድ።

እጅሽን ወይም እግርሽን በጭራሽ እንዳትይዝ። ሰው ሲንሸራተት አይተን እጃችን የሚሄደው ወደሚቀርበን ነገር ነው፤ ቁርጭምጭሚት ይሆናል፣ ክንድ ይሆናል። እግርሽ ከተያዘ ግን ሰውነትሽ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ይዞርና ጭንቅላትሽ ይወርዳል። ይህን ስህተት ከጥሩ ጓደኞች ነው የማየው፤ ከፍቅር ብዛት። ስለዚህ ፖሉ ላይ ማንም ሳይኖር ተለማመዱት። አንቺ ሳሎኑ መሃል ቆመሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ተደገፊ። እሷ ወገብሽንና ትከሻሽን ይዛ ቀስ አድርጋ መሬት ታስቀምጥሽ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። አራታችሁም በተራ። አንቺ ከሁሉም ስለምትከብጂ ላንቺ ሁለት ያዥ ይሁን፤ አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ። በዚህ አትሸማቀቂ። ሁለት ሰው ሲይዝሽ ሁለት ሰው ሙያ ይማራል።

ቃልም ይወሰን። "ያዢኝ" ስትዪ እጇ ሰውነትሽ ላይ ያርፋል። "ልቀቂ" እስክትዪ አይነሳም። "በቃ" ካልሽ ትወርጃለሽ፣ ማንም "አንዴ ድገሚው" አይልም። ያዥ የሆነች ሰው ስልክ አትይዝም፣ ቪዲዮ አትቀርጽም፣ ከሌላዋ ጋር አታወራም። ከስር ሆኖ የሚናገረውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አንዷ "ጉልበትሽን"፣ አንዷ "ትከሻሽን"፣ ሦስተኛዋ "ወደ ላይ እዪ" ሲሉ ላይ ያለችው ሴት ምኑን ትስማ?

"አይዞሽ" የሚለውን ቃል በጣም እወደዋለሁ። እኔንም ያቆየኝ እሱ ነው። ግን "አይዞሽ፣ ትችያለሽ" የደከመ እጅ ላይ ሲወርድ አደጋ ነው። እጅሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር "ዛሬ ይብቃሽ፣ ጥሩ ሠርተሻል፣ ውረጂ" የምትልሽን ጓደኛ ውደጃት። እኔ ስጀምር አንዲት ሴት ነበረች። ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ከስሬ ቆማ፣ ራሷ ልትወጣበት የምትችለውን ሰዓት ሰጥታኝ፣ አንድም ቀን አላቻኮለችኝም። ጫፍ የደረስኩ ቀን መጀመሪያ ያየሁት የሷን የተዘረጋ እጅ ነው። ከፖል ትምህርት እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ያ እጅ ነው።

ውጭ አገር የተማረችው ጓደኛችሁ ጥሩ ሀብት ናት። ግን አንድ ዓመት መማርና ማስተማር ይለያያሉ፤ ሸክሙንም ብቻዋን አትሸከመው። አንድ ሐሳብ አለኝ። ሰርከስ ያደገ ሰው ፈልጉ። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ በዚህ ከተማ ብዙ ወጣቶች ሰው በሰው ትከሻ ላይ እየቆመ፣ እየተወረወረ አድገዋል። ፖል ባያውቁም መያዝ ያውቃሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው የለመዱት። እንዲህ ያለ ሰው ለአራት ቅዳሜ ከፍላችሁ ብታመጡ፣ ከወራት ቪዲዮ ማየት የበለጠ ትጠቀማላችሁ።

ፍራሽም ያስፈልጋችኋል። የአልጋ ስፖንጅ ፍራሽ አይሆንም፤ እግር ይሰምጥበትና ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል፣ ጭንቅላት ደግሞ ወለሉ ድረስ ይደርሳል። ጠጠር ያለ፣ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፣ ፖሉን ዙሪያውን የሚያቅፍ የጂምናስቲክ ፍራሽ ነው የሚፈለገው። ለአንድ ሰው ውድ ነው። እቁብ ግቡ። የመጀመሪያው ዕጣ ፍራሽ፣ ሁለተኛው ደህና ፖል። እኛም እንደዚያ ነው ያደረግነው። ፍራሽ ግን ያዥን አይተካም።

ስለ እናትሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ጽፈሻል። ምን እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ። ብትጠይቅሽ የምትመልሺው እንዲኖርሽ ብቻ ይህን ልበል። ምሰሶ ላይ መውጣት በሕንድም በቻይና ሰርከስም የቆየ ጥበብ ነው። ዛሬ የምንማረውን ዳንስ ያሳደጉት ግን በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካ የምሽት ክበቦች የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ይህን መደበቅ አልወድም። "እኛ እንደነሱ አይደለንም" እያሉ የነሱን እንቅስቃሴ መማር ለእኔ ነውር ነው። ከዚያ ወዲህ የስፖርት ውድድር ሆኗል። የመጀመሪያው የዓለም የፖል ስፖርት ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ውስጥ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ የስፖርት ፌዴሬሽኖችን ያሰባስብ በነበረው ዓለም አቀፍ ማኅበር የታዛቢነት ቦታ አግኝቷል። መጋረጃ መዝጋት ከፈለጋችሁ ዝጉ። ቪዲዮ ላይ ግን ስምምነት ይኑር። ማንም የማንንም ቪዲዮ ሳትጠይቅ አታውጣ። አንዷ ቲክቶክ ላይ መታየት ያስደስታታል፤ ሌላዋ ነገ ቢሮ መግባት ይከብዳታል። ይህ ካልተከበረ ፖሉ ሳይወድቅ ጓደኝነቱ ይወድቃል።

ለዚህ ቅዳሜ እንዲህ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት መያዝ ብቻ። ከዚያ እስክስታ። ከዚያ ፖሉን ይዛችሁ በእግራችሁ ዙሩ፣ ትከሻ ታች፣ እግር መሬት ላይ። አንቺ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ የእግር ማቆላለፉን በየጎኑ አሥር አሥር ጊዜ ሥሪ። ወደ ላይ መውጣቱ መሐንዲሱ ሶሌታውን እስኪያይ ይቆይ። እሱ ያለውን ጻፊልኝ፤ ቀጣዩን ሳምንት ከዚያ ተነስተን እናወራለን።